የጎረቤት አትክልት፦ የህንድ ሴት ልጆች ለምን ጎደሉ?

ሰላም ሰላም! እንዴት ናችሁ? ቡና ካላችሁ ያዙ፣ የዛሬው ወሬ ትንሽ ይከብዳል። እሺ፣ ትንሽ አይደለም።

በስም ልጀምር። ህንድ ውስጥ ማሃራሽትራ የሚባል ግዛት አለ፣ ሙምባይ ያለችበት። እዚያ ሳታራ በምትባል አውራጃ፣ ሴት በሴት ላይ የተወለደባቸው አንዳንድ ቤተሰቦች አዲሷን ሕፃን ምን ብለው ይጠሯት ነበር መሰላችሁ? ናኩሻ። በማራቲ ቋንቋ «ያልተፈለገች» ማለት ነው። እንዲህ ብለን ብንጠራት ቀጣዩ ወንድ ይሆናል የሚል እምነት ነበር። መምህሩ ጠዋት ስም ሲጠራ «ያልተፈለገች?» ይላል፣ እሷም «አቤት» ትላለች። በቃ፣ ስሟ ነው! እኛ ጋ ማንጠግቦሽ የሚባል ስም አለ፣ እዚያ ደግሞ ይሄ። ስሙን ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

እኔ የማምነውን አሁኑኑ ልንገራችሁና ቪዲዮውን ዘግታችሁ መሄድ ትችላላችሁ። (አትሂዱ!) ነገሩ ጭካኔ ከመሆኑ በፊት ሒሳብ ነው። ቁጭ ተብሎ በጣት የሚቆጠር የቤት ሒሳብ።

ቁጥሩን ቶሎ ቶሎ እንለፈው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ እንዳንጣላ። በተፈጥሮ 1,000 ወንድ ሲወለድ 950 ገደማ ሴት ትወለዳለች። በ2011 የህንድ ሕዝብ ቆጠራ ግን ስድስት ዓመት ድረስ ካሉት ልጆች ለ1,000 ወንድ የተገኙት 919 ሴቶች ናቸው። ዴልሂን በሦስት በኩል ከብባ ባለችው በሃርያና ደግሞ 834። የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን በ1990 የእስያንና የሌላውን አካባቢ ደምረው ከ100 ሚሊዮን በላይ ሴቶች «ጠፍተዋል» ብለው ጽፈዋል። አንዳንዷ ሳትወለድ፣ አንዳንዷ ተወልዳ ወተቱም ሕክምናውም ቅድሚያ ለወንድሟ ሲሆን። የፆታውን ነገር ደግሞ ሁላችሁም ባዮሎጂ ክፍል ተምራችሁታል፤ እናት ያላት ኤክስ ብቻ ነው፣ ኤክስ ወይም ዋይ የሚያቀብለው አባት ነው። ወንድ አልወለድሽም ተብላ የምትሰደበው ግን እሷ ናት። አለቀ፣ ሳይንሱ ይኸው ነው፣ ወደምወደው ክፍል እንሂድ።

ህንዶች የታወቀ አባባል አላቸው፦ «ሴት ልጅ ማሳደግ የጎረቤትን አትክልት ውኃ ማጠጣት ነው»። ይቺን አባባል እወዳታለሁ። ማለቴ እጠላታለሁ፣ ግን ነገሩን ሁሉ ጠቅልላ ይዛዋለች።

እስቲ አስቡት። ግቢያችሁ ውስጥ አንዲት የማንጎ ችግኝ አለች። ውኃ በፈረቃ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስታችሁ ጀሪካን ትሞላላችሁ። እናንተ ፊታችሁን ሳትታጠቡ እሷን ታጠጣላችሁ። አጥር ታጥሩላታላችሁ፣ የሰፈሩን ፍየል ታባርራላችሁ፣ በረዶ ሲጥል ላስቲክ ታለብሷታላችሁ። ሃያ ዓመት! ልክ ፍሬ ልትሰጥ ስትል ጎረቤት ይመጣና ከነሥሯ ነቅሎ ይወስዳታል። እሺ፣ ይውሰድ። ቆይ ግን፣ የሚከፍለው እሱ አይደለም። እናንተ ናችሁ! ማንጎዬን ስለወሰድክልኝ እግዜር ይስጥልኝ ብላችሁ ወርቅ፣ ፍሪጅ፣ ሞተር ሳይክል፣ አቅሙ ካላችሁ መኪና ትመርቁለታላችሁ። ማጓጓዣውም በናንተ ነው።

አጠገቧ ሌላ ዛፍ አለ፣ ወንዱ። እሱን ማንም አይነቅለውም። ስታረጁ ጥላው ሥር ትቀመጣላችሁ። ስትሞቱም በሂንዱ ልማድ የሬሳችሁን እሳት የሚለኩሰው እሱ ነው። እና ጀሪካኑ አንድ ብቻ ከሆነ የቱን ታጠጣላችሁ?

መልሱ አስጠላን፣ ሒሳቡ ግን ገባን። በሂንዲ ሴት ልጅን «ፓራያ ዳን» የሚሏት ለዚሁ ነው፤ የሰው ገንዘብ። ምሳሌዋ አንድ ጉድለት አለባት፣ ማንጎ አትናገርም።

ያ ሁሉ ምርቃት፣ ወርቁም ፍሪጁም፣ በሂንዲ ዳሄጅ ይባላል። አሁን ኮሜንት ላይ ምን ልትጽፉ እንደሆነ አውቃለሁ። ባለፈው ስለ ህንድ ሠርግ ስሠራ «ጥሎሽ እኮ ነው፣ እኛም አለን፣ ምን ታካብጃለሽ» ያለኝ ሰው ብዛቱ! ቆጥሬ ቆጥሬ ስልሳ ላይ ተውኩት። ስለዚህ ግማሽ ቪዲዮዬን ቢበላብኝም ዛሬ ይሄን ነገር እንጨርሰው።

ጥሎሽ ከማን ወደ ማን ነው የሚሄደው? ከሙሽራው ወገን ወደ ሙሽሪት። ሻንጣው ይከፈታል፣ ቀሚሱ፣ ወርቁ፣ ጫማው አንድ በአንድ ከፍ እየተደረገ ይታያል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ አንዷ አክስት ደግሞ ጥግ ላይ ሆና ወርቁን በዓይኗ ትመዝናለች። ሁሌም አንዷ አለች። አቅጣጫው ግን ወደ ሙሽሪት ነው። ዳሄጅ ተቃራኒው ነው፣ ከሙሽሪት ቤት ወደ ሙሽራው ቤት። አቅጣጫው ሲገለበጥ ሁሉም ነገር አብሮ ይገለበጣል። እኛ ጋ ሴት ልጅ ያለው አባት በድግሱ ወጪ ያማርር ይሆናል እንጂ አማች አይገዛም። እዚያ ልጅቷ ገና ስትወለድ ነው ዕዳው መቆጠር የሚጀምረው። ጥሎሽ ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም። እሱ የራሱ ቪዲዮ ይወጣዋል፣ ሰብስክራይብ አድርጉና ጠብቁኝ።

«የሂንዱ ሃይማኖት ነው» ያላችሁኝም አላችሁ። አይደለም። ህንድ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይከፍላል። እንዲያውም ድሮ ለሙሽሪት ቤተሰብ ይሰጡ የነበሩ ብዙ ማኅበረሰቦች፣ በተለይ ከታችኛው ካስት (በትውልድ የሚወረስ መደብ ነው) የሆኑት፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው ወደ ዳሄጅ የዞሩት። ከፍ ያሉትን መምሰል ነው ነገሩ። ልጁ ተማረ፣ የመንግሥት ሥራ ያዘ፣ ዋጋው ጨመረ። ኢንጂነሩ በዚህ ዋጋ፣ ሐኪሙ በዚያ ዋጋ። ትምህርት ያጠፋዋል ላላችሁኝ ሰዎችም በዚሁ ተመለሰላችሁ።

ሕግ የለም ወይ? አለ። ዳሄጅ ከ1961 ጀምሮ የተከለከለ ነው። ስጦታ ነው እየተባለ ይቀጥላል።

በአማርኛ በሚተረጎሙት የህንድ ድራማዎች ላይ አማትየዋ ስትቆጣ ካሜራው ሦስት ጊዜ ይዞርባታል፣ እኛም እንስቃለን። የእውነቱ እንዲህ አያስቅም። ዴልሂ ውስጥ ሳትያራኒ ቻዳ የሚባሉ እናት ልጃቸውን ዳሩ። የባልየው ቤት ስኩተር ጠየቀ። ሠርጉ ዓመት ሳይሞላው፣ በ1979፣ ልጅቷ ነፍሰ ጡር ሳለች ተቃጥላ ሞተች። ስኩተር! ያኔ እንዲህ ያለው ሞት «ቡታጋዝ ፈንድቶባት ነው» ተብሎ ይታለፍ ነበር። እናትየዋ ግን አላለፉትም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ፍርድ ቤት ተመላለሱ፣ እንደሳቸው ልጃቸውን ካጡ ሌላ እናት ጋር ሆነውም ለተጎዱ ሴቶች መጠለያ የሚሰጥ ድርጅት መሠረቱ። የእነሱና የሌሎች ሴቶች ሰልፍ ሕጉን አስለወጠው። ከ1986 ወዲህ በተጋባች በሰባት ዓመት ውስጥ በእሳት ወይም እንግዳ በሆነ ሁኔታ የሞተች ሚስት፣ ለዳሄጅ ስትሰቃይ እንደነበር ከታየ፣ ሕጉ «የዳሄጅ ሞት» ብሎ ባልንና ዘመዶቹን ይይዛል። በ2022 ብቻ ፖሊስ ከ6,000 በላይ እንዲህ ያለ ሞት መዝግቧል።

እሺ፣ አሁን ወደ ምርመራው ማሽን፣ ወደ አልትራሳውንዱ። በ1980ዎቹ የፅንስን ፆታ የሚለዩ ክሊኒኮች ማስታወቂያ ያስነግሩ ነበር፦ «አሁን 500 ሩፒ አውጡ፣ በኋላ 50,000 አትርፉ»። 500ው የምርመራ፣ ሴት ከሆነች ለማስወረድ፤ 50,000ው የዳሄጅ። ሒሳብ ነው ያልኳችሁ ይኸው፣ ክሊኒኩ ራሱ ደምሮ ቀንሶ ሰጣቸው። በ1994 በሕግ ተከለከለ። ዛሬ ህንድ ውስጥ የፅንስን ፆታ የሚናገር ሐኪም ወንጀለኛ ነው፣ ይህን የሚል ጽሑፍም አልትራሳውንድ ክፍሉ ውስጥ መሰቀል አለበት። ታዲያ አንዳንዱ ሐኪም አይናገርም። «ላዱ ብሉ» ይላል፣ ወይ «ጃሌቢ ብሉ»። ሁለቱም ጣፋጭ ናቸው። ላዱ ካለ ወንድ፣ ጃሌቢ ካለ ሴት። ሌላው ወረቀቱን በሰማያዊ ወይ በቀይ ይፈርማል። ማሽኑን ስትከለክል ሒሳቡን ካልነካህ እንዲህ ነው፣ ሰው በኬክ ቤት ቋንቋ ይግባባል።

አሁን ደግሞ አንድ ሰው «ድህነት ነው» ሊል ነው። ሃርያናና ጎረቤቷ ፑንጃብ እኮ የስንዴ ሀገር ናቸው፣ የጠገቡ ገበሬዎች ሀገር። ምርመራውም ገንዘብ ይፈልጋል። መሬት ያለው ሰው ነው መሬቴ በሴት ልጄ በኩል ለአማች ይሄድብኛል ብሎ የሚፈራው። ከ2005 ጀምሮ የሂንዱ ሴት ልጅ በቤተሰብ ርስት ከወንድሟ እኩል ናት። ራጃስታን ውስጥ ግን «ሃቅ ትያግ» የሚሉት አለ፤ እህት ድርሻዋን ለወንድሞቿ በፊርማ ትለቃለች። በፈቃዷ ነው ይባላል። ባትፈርምስ? ባሏ ያባረራት ቀን የምትመለስበት ቤት የላትም።

የጎደሉት ሴቶች ዕዳ ደግሞ ሌሎች ሴቶች ላይ ያርፋል። ሃርያና ውስጥ ሚስት ያጣው ወንድ ከአሳም፣ ከቢሃር፣ ከምዕራብ ቤንጋል ድሃ ቤት ገንዘብ ከፍሎ ያመጣል። «ሞልኪ» ይሏታል፣ የተገዛች። ቋንቋቸውን አታውቅም፣ ዘመድ የላትም፣ መንደሩ በስሟ አይጠራትም። ዳሊት (ከካስቶቹ ሁሉ በታች ተደርገው «አይነኬ» ሲባሉ ከኖሩት ወገን) ለሆነችው ደግሞ በዚህ ሁሉ ላይ ካስቱ ይደረብባታል። ሕገ መንግሥቱ «አይነኬነትን» በ1950 ሽሮት ሳለ፣ ውኃ የሌለውን ሽንት ቤት በእጃቸው ሲጠርጉ የኖሩት በአብዛኛው የዳሊት ሴቶች ናቸው።

ናኩሻን አልረሳሁም። በጥቅምት 2011 ሳታራ ላይ ይህን ስም የተሸከሙ 285 ሴት ልጆች ተሰበሰቡ። ፀጉራቸውን ተጎንጉነው፣ ሪባን አስረው፣ የክት ልብሳቸውን ለብሰው ተሰለፉ። የአውራጃው ሹማምንት ከትንሽ የአበባ እቅፍ ጋር አዲስ ስም የተጻፈበት ወረቀት ሰጧቸው። አንዳንዶቹ የፊልም ተዋናይ ስም መርጠዋል፣ አይሽዋርያ ያሉ ነበሩ። አንዳንዶቹ የአማልክት ስም፣ ሳቪትሪ።

ሳቪትሪ ስትባል እኔ የማስባት ሌላዋን ነው። ሳቪትሪባይ ፉሌ እዚያው ሳታራ ነው የተወለደችው፣ በ1831። በ1848 ከባሏ ጋር ፑኔ ላይ የሴቶች ትምህርት ቤት ከፈተች። ለማስተማር ስትሄድ ሰዎች መንገድ ላይ ድንጋይና እበት ይወረውሩባት ነበር። እሷ ሁለተኛ ሳሪ ይዛ ነው ከቤት የምትወጣው። ትደርሳለች፣ የቆሸሸውን ትቀይራለች፣ ክፍል ትገባለች።

ስለ እሷ ሳምንት እንገናኝ። ቻው!