ተተኪ ያጣው ጥላ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የደን ተጠቃሚ ማኅበራት አባላት፣ የቡና ገበሬዎች፣ ከየወረዳው የመጣችሁ ባለሙያዎች፣ እናንተም የደን ትምህርታችሁን ልትጨርሱ የተቃረባችሁ ተማሪዎች፤ በዚህ በነሐሴ ዝናብ ጭቃውን ተሻግራችሁ እስከ ጅማ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ጊዜውን የመረጥነው ሆን ብለን ነው። የቡና ምንጣሮ፣ ማለትም በቡናው ሥር የበቀለውን ቁጥቋጦ በገጀራ ማጽዳት፣ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ቀርተውታል፤ እኔም የምለው ነገር ገጀራው ከመሳሉ በፊት መባል ያለበት ነው።

ስለ ደን ስንነጋገር የሁላችንም ጥያቄ «ስንት ሄክታር ቀረ?» የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የሳተላይት ምስልም ይመልሰዋል። ነገር ግን ስፋቱ አንድ ክንድ እንኳን ሳይቀንስ የሚያልቅ ደን አለ። ከሰማይ ሲያዩት አረንጓዴ ነው፤ ከመንገድ ሲያዩትም ግርማው ያስፈራል። ውስጡ ሲገቡ ግን ሁሉም ዛፍ አዛውንት ነው። ሕፃን የለም፣ ጎረምሳ የለም። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ደን ነው፤ ብዙዎቻችሁ ጠዋት ከቤታችሁ ስትወጡ የምታልፉበት ደን ነው።

ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ሥራ በጀመርሁበት ሰሞን አንድ የቡና ደን እንድቆጥር ተላክሁ። በያዝሁት መመሪያ መሠረት ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ውፍረት ያላቸውን ዛፎች ለካሁ፣ ስማቸውን መዘገብሁ፣ ቁመታቸውን ገመትሁ። ቀረሮ አለ፣ ዋንዛ አለ፣ ሰሳ አለ፣ ብሳና አለ። ሪፖርቴን «ደኑ በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» ብዬ ዘጋሁት። የቡናው ባለቤት አንዲት እናት ነበሩ። ዕቃዬን ሰብስቤ ስነሳ በኦሮምኛ «ልጄ፣ ቀኑን ሙሉ ወደ ላይ ብቻ ስታይ ዋልህ» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ሳልጠይቃቸው ተሰናብቻቸው ሄድሁ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደዚያው ቦታ ተመለስሁ። ሁለቱ ታላላቅ ቀረሮዎች በነፋስ ወድቀዋል። ከወደቁበት በላይ ሰማዩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ፀሐይዋ በቀጥታ ቡናው ላይ ታርፋለች። የቡናው ቅጠል ገርጥቷል፤ የቅርንጫፉ ጫፍ ደርቋል። ዙሪያውን የቀረሮ ልጅ ፈለግሁ። ጉልበቴ የሚደርስ፣ ወገቤ የሚደርስ፣ ከራሴ በላይ ያለፈ አንድ እንኳን አጣሁ። እኚያን እናት ፈልጌ «እውነትዎን ነበር» እንዳልላቸው በሕይወት አልነበሩም። ዛሬ እናንተ ፊት ስቆም ያ ዕዳ ትከሻዬ ላይ አለ።

እስቲ በሐሳብ አንድ ቀረሮ ሥር አብረን እንንበርከክ። እናት ዛፉ ፍሬ ከጣለ በኋላ ነው። ዘሩ ጠንካራ፣ አንጸባራቂ ቡናማ ነው፤ በአንድ ጎኑ ነጣ ያለ ጠባሳ አለው። ይህን ዘር ወስዳችሁ እንደ በቆሎ ዘር አድርቃችሁ ልታስቀምጡት ብትሞክሩ ይሞታል። ለዓመታት በአፈር ውስጥ ተኝቶ ቀን የሚጠብቅ ዘር አይደለም፤ ወይ ቶሎ ይበቅላል ወይ ይበሰብሳል። ስለዚህ የቀረሮ ጎተራው ችግኙ ነው። በእናቱ ጥላ ሥር ቀጭን ሆኖ፣ እድገቱን ገትቶ፣ ከላይ ብርሃን እስኪከፈትለት የሚጠብቀው ያ ችግኝ ነው። እሱን የመነጠረ ሰው የዘር ጎተራውን አቃጥሏል።

ቅጠሉን ገለጥ አድርጋችሁ ደግሞ ሌሎቹን እዩ። አንዳንዱ ዛፍ ሲቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣል። ከላይ ጣት የማታህል ለጋ ቀንበጥ ታያላችሁ። አፈሩን በጣታችሁ ስትጭሩት ግን ግርጌው የተጨበጠ እጅ ያክላል፤ የገጀራው ጠባሳም አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቧል። ያ ቀንበጥ የአንድ ክረምት ቡቃያ ይመስላል፤ እሱ ግን ብዙ ምንጣሮ ያየ፣ በየዓመቱ ሲነሣ በየዓመቱ የተመታ ዛፍ ነው። ቢተው ኖሮ ዛሬ ቀፎ ይሰቀልበት ነበር።

ይህን ስል ገበሬውን መውቀሴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ምንጣሮ የግድ ነው። ቁጥቋጦው ካልተጸዳ ለቀማ አይቻልም፤ የወደቀውም ፍሬ አይታይም። ወጣት ዛፍ ሲበዛም ውኃና ብርሃን ይሻማል፤ ጥላው ከልክ ካለፈ ቡናው ቅጠል እንጂ ፍሬ አይሰጥም። በጌራም፣ በቦንጋም፣ በያዩም ስለ ከፊል ደን ቡና፣ ማለትም በተፈጥሮ ደን ጥላ ሥር እየተመነጠረ ስለሚመረተው ቡና፣ የተደረጉ ጥናቶች የሚስማሙበት ግን አንድ ነገር አለ፦ ምንጣሮው በተደጋገመበት ቦታ የትልልቁ ደን ዛፎች ተተኪ ይመናመናል። ገጀራ አረምንና የቀረሮን ልጅ አይለይም። የሚለየው የያዘው ሰው ነው።

ታዲያ ስንት ተተኪ ይበቃል? ለዚህ ኮምፒውተር አያስፈልገንም፤ በገላችን እንለካው። ጣት የሚያህል፣ ክንድ የሚያህል፣ ጭን የሚያህል፣ አንድ ሰው የሚያቅፈው፣ ሦስት ሰው ተያይዞ የሚያቅፈው። ጤናማ በሆነ፣ የዕድሜ ስብጥሩ በተጠበቀ ደን ውስጥ ስትቆጥሩ ጣት የሚያህለው እጅግ ብዙ ነው፤ ክንድ የሚያህለው ያንሳል፤ ጭን የሚያህለው ከዚያም ያንሳል፤ ሦስት ሰው የሚያቅፈው ጥቂት ነው። ምክንያቱም አብዛኛው በመንገድ ይቀራል። አንዱን ድኩላ ይበላዋል፣ አንዱን ድርቅ ይወስደዋል፣ አንዱን የወደቀ ቅርንጫፍ ይሰብረዋል። ይህን የቁጥር አወራረድ ፈረንሳዊው የደን ባለሙያ ደ ሊዮኩር በ1898 እ.ኤ.አ. በሂሳብ አስቀምጦታል። በእኛ የቡና ደን ግን ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ተገልብጦ ታገኙታላችሁ፤ አንድ ሰው የሚያቅፈው ይቆማል፣ ጣት የሚያህለው ባዶ ነው። ቤተሰብን አስቡት። አያቶች ብቻ የቀሩበት ቤት ዛሬ ቢሞቅም የነገው ያሳስባል።

በዚህ መንገድ ደን ማስተዳደር ሕልም እንዳልሆነ ልንገራችሁ። በስዊዘርላንድ ኩቬ በምትባል መንደር ሄንሪ ቢዮሌ የሚባል የደን ሹም በ1890 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ። በዚያ ዘመን አውሮፓ ውስጥ የተለመደው ደኑን በአንድ ዕድሜ አሳድጎ፣ ሲደርስ ጠርጎ ቆርጦ፣ እንደገና መትከል ነበር። ቢዮሌ ግን ዛፎቹን በየተወሰነው ዓመት እየለካ፣ ደኑ የጨመረውን ያህል ብቻ፣ አንዱን ከዚህ አንዱን ከዚያ መርጦ አስቆረጠ። መሬቱ አንድም ቀን ራቁቱን አልቀረም፤ ጣውላውም አልተቋረጠም። የእነሱ ዛፍ ጽድና ቢች ነው፣ የእኛ ቀረሮና ዋንዛ ነው፤ በረዶ የለብንም፣ እነሱ ቡና የላቸውም። የሥራው ሐሳብ ግን አንድ ነው፦ ከመቁረጥህ በፊት ቁጠር፣ ስትቆርጥ ተተኪውን እያየህ ቁረጥ።

እንዲያውም እናንተ ይህን ሥራ በቡናው ላይ ታውቁታላችሁ። ያረጀ ቡና ሲጎነደል፣ ማለትም እንዲያቆጠቁጥ ከግርጌው ሲቆረጥ፣ ሁሉንም በአንድ ዓመት የሚጎነድል ገበሬ አላየሁም። እንዲህ ቢያደርግ የሁለት ሦስት ዓመት ምርት ያጣል። ዘንድሮ ይህን ጥግ፣ ለከርሞ ያንን ጥግ እያለ በተራ ይጎነድላል። በማሳው ውስጥ አዲስ ቀንበጥም፣ በጉልበቱ ያለ ቡናም፣ ያረጀም ሁሌ ይኖራል። ለቡናው ያወቅንበትን ብልሃት ለጥላው ነፈግነው፤ ልዩነቱ የጥላው ዘመን ከእኛ ዕድሜ መርዘሙ ነው።

አንድ ዕድሜ ያለው ደን ምንም አይጠቅምም አልልም። የጓሮ ባሕር ዛፍ ባይኖር ኖሮ የቤት ማገሩና ማገዶው ሁሉ ከተፈጥሮ ደኑ ይወጣ ነበር፤ ለዚህ ባለውለታችን ነው። አደጋውም ግን ይታወቅ። የጽድ ክሽክሽ የሚባለው ተባይ በ1986 እ.ኤ.አ. ማላዊ ላይ ታይቶ፣ በ1990 ኬንያ ደርሶ፣ አንድ ዝርያና አንድ ዕድሜ የሆነውን የፈረንጅ ጽድ ደን ጎድቷል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ የምንተክለውም ችግኝ በአንድ ቀን ተተክሎ በአንድ ዕድሜ ያድጋል። የእኔ ልመና በየዓመቱ ጥቂት ጥቂቱን ጥላው በሳሳበት የቡና ደን ውስጥ እንድንተክል፣ ያም የአገር ዛፍ እንዲሆን ነው።

ስለ ማር ሳልናገር ባልፍ ንብ አናቢዎቹ ይቀየሙኛል። ጌተምን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ነጩ ማር የሚገኝበት ዛፍ ነው። ጌተም ብዙውን ጊዜ ሕይወቱን የሚጀምረው መሬት ላይ አይደለም። ወፍ የጣለችው ዘር በሌላ ትልቅ ዛፍ ጉያ፣ ቅርንጫፍና ግንድ በሚገናኙበት፣ የዛፍ ሽበት በበዛበትና ቅጠል በበሰበሰበት ሥፍራ ይበቅላል። ከዚያ ሥሩን በግንዱ ላይ ቁልቁል እየሰደደ መሬት ይደርሳል። ስለዚህ ጌተም እንዲወለድ አዛውንት ዛፍ መኖር አለበት። አዛውንቱ ዛፍ እንዲኖር ደግሞ ከብዙ ዘመን በፊት አንድ ሰው ችግኙን ሳይነካው ማለፍ አለበት። ይህን ባሰብሁ ቁጥር አንዲት ማንኪያ ነጭ ማር ውስጥ ስንት ትውልድ እንዳለ እገረማለሁ።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ምንጣሮ ከመጀመሩ አንድ ቀን በፊት ማሳችሁን ያለ ገጀራ ዙሩት። በእጃችሁ ቃጫ ያዙ። ጥላው የሳሳበትን፣ አዛውንት ዛፍ ያለበትንና ዛፍ የወደቀበትን ቦታ ለዩ። እዚያ ያገኛችሁትን የቀረሮ፣ የዋንዛ፣ የጥቁር እንጨት፣ የሰሳ ልጅ ቃጫ እሰሩበት። ሁሉንም አይደለም። ተጨናንቀው ካሉት ቀጥ ያለውንና ጤነኛውን ምረጡ፤ ከቡናው እግር ሥር የበቀለውን ግን አትምረጡ፣ ከቡናው ጋር ይጣላል። ከዚያ ለሚመነጥረው ሰው፣ በተለይ በቀን ሥራ ለምትቀጥሩት ወጣት፣ «ቃጫ ያለበት አይነካም» በሉት። እሱ የታዘዘውን ነው የሚሠራው፤ እስካሁን ያዘዘው ሰው አልነበረም። የመረጣችሁት ወጣት ዛፍ ከቡናው ራስ በላይ ሲያልፍ የታች ቅርንጫፉን ግረዙለት፤ ጥላው ከፍ ብሎ ለቡናው ይመቸዋል።

አዛውንቱን ዛፍ በተመለከተ፣ የአገር በቀል ዛፍ ያለ ፈቃድ እንደማይቆረጥ ታውቃላችሁ። ፈቃድ ሲገኝም ሥሩ ተተኪ ሳይቆም አይነካ። ቅርንጫፉ አስቀድሞ ይውረድ፤ አወዳደቁ ወደ ክፍት ቦታ ይሁን። ጊዜው ደግሞ ለቀማው ካለቀ በኋላ፣ ቡናው ሳያብብ ነው። እዚሁ ጅማ ዞን ባለው የበለጤ ጌራ ደን ውስጥ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጃፓን የትብብር ድርጅት ድጋፍ የተቋቋሙት የደን ማኅበራት ስለ ወሰንና ስለ ጥበቃ ውል አላቸው። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010ም የማኅበረሰብን ደን ባለቤትነት እውቅና ሰጥቷል። እኔ የምጠይቀው በየማኅበሩ መተዳደሪያ ላይ አንዲት አንቀጽ እንድትጨመር ነው፦ በየሦስት ዓመቱ አባላት አንድ ላይ ገብተው ከጣት እስከ ሦስት ሰው እቅፍ ይቁጠሩ፣ ቁጥሩም በማኅበሩ መዝገብ ይጻፍ። ተማሪዎች፣ በዚህ ላይ እርዷቸው። የምትቆጥሩትን ግን ከ10 ሴንቲ ሜትር አትጀምሩ፤ ከመሬቱ ጀምሩ።

«ቡናዬ ቢቀንስስ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ከምሳ በፊትም አንድ አባት ጠይቀውኛል። ጥቂት ሊቀንስ ይችላል። ለተተኪው የተተወው ቦታ ቡና አይቆምበትም። እኔ ግን ሁለቱ ቀረሮዎች የወደቁበትን ማሳ አይቻለሁ፤ ዛፎቹ ቡናውን ሰብረውት ወደቁ፣ የተረፈውንም ፀሐይ ጨረሰው። ያን የፀሐይ ጉዳት አንድ የቃጫ ቁራጭ ያስቀረው ነበር።

ነገ ጠዋት በአንድ ሰዓት ተኩል መኪናው ከዚህ አዳራሽ በር ላይ ይነሣል። ቦቲ ያላችሁ ቦቲ አድርጉ፤ ዝናቡ አያስጥለንም። ገጀራ ማንም እንዳይዝ። ቃጫውን እኛ አዘጋጅተናል፤ የመጀመሪያዎቹን ችግኞች አባቶችና እናቶች መርጠው ያስሩልናል፣ ወጣቶቹ ይቆጥራሉ።