ኒሊ፣ ጄኒፈር፣ አን እና ቀይዋ ኪኒን

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ስለ አንድ የቆየ የሆሊውድ ፊልም ላውራችሁ፤ በፈረንጆቹ 1967 ስለወጣው «ቫሊ ኦፍ ዘ ዶልስ»። ከጃክሊን ሱዛን ልብ ወለድ ተወስዶ ማርክ ሮብሰን ነው ያዘጋጀው። ሃያሲያኑ አጣጣሉት፣ ሕዝቡ ግን ሲኒማ ቤቱን ሞላው። ዛሬም ብዙ ሰው የሚያየው ሊስቅበት ነው። ትወናው የተጋነነ መሆኑን አልክድም። የኪኒኑን ነገር ግን ከሚታማው በላይ በትክክል ይዞታል ባይ ነኝ።

ሦስት ወጣት ሴቶች ናቸው። አን ኒውዮርክ መጥታ ጸሐፊ ትሆናለች፣ ኋላም የማስታወቂያ ሞዴል። ኒሊ ዘፋኝ ናት። ጄኒፈር እንጀራዋ መልኳ ነው። «ዶልስ» የሚሏቸው ሦስቱም የሚውጧቸውን ኪኒኖች ነው።

እስቲ ኒሊን ተከታተሏት። ሆሊውድ ከገባች በኋላ ቀጥና፣ ነቅታ፣ በማለዳ ካሜራ ፊት መቆም አለባት። ለዚህ አምፌታሚን አለ፤ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ድካም ያስረሳል። ነገር ግን ከተዋጠ ከአሥር ሰዓታት በኋላም ግማሽ ያህሉ ገና ሰውነት ውስጥ ነው። ማታ ዓይን አልከደን ይላል። ያኔ የምታስተኛዋ ሴኮናል ትመጣለች፣ ቀይዋ ኪኒን። እሷ ደግሞ ይባስ ቀስ ብላ ነው የምትወጣው፤ አንዳንድ ሰው ላይ ግማሿ እስኪወጣ ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። ጠዋት ራስ ይከብዳል፣ ምላስ ይተሳሰራል፣ ሥራ ቦታ ቁጣ ይጠብቃል። ስለዚህ እንደገና አምፌታሚን። ፊልሙ ኒሊን ባለጌና ምስጋና ቢስ አድርጎ ሲያሳያት የምቃወመው ለዚህ ነው፤ አንዱ ኪኒን ሌላውን እየጠራ ነው ያዞራት።

የከፋው ግን ሌላ ነው። ሴኮናልን የመሰሉት፣ ባርቢቹሬት የሚባሉት የሚያስተኙ መድኃኒቶች ለእንቅልፍ የሚሠሩት ሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ከዚያ አንጎል ይለምዳቸዋል፣ ጉበትም ቶሎ ቶሎ ይፈጫቸዋል፤ አንዷ ሁለት፣ ሁለቷ ሦስት ትሆናለች። ትንፋሽን የሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ግን እኩል አይለምድም። የሚያስተኛው መጠንና ትንፋሽ የሚያቆመው መጠን እየተጠጋጉ ይሄዳሉ። ኒሊ ቶሎ እንዲሠራላት በመጠጥ ታወራርደዋለች፤ አልኮል ሲጨመር ደግሞ የቀረችው ክፍተትም ትጠፋለች። ባርቢቹሬት ማርከሻ የለውም። ሐኪም ቤት ቢደረስ እንኳ መድኃኒቱ እስኪወጣ ድረስ ትንፋሽን በማሽን ማገዝ ነው ያለው።

ይህ የፊልም ብቻ እንዳይመስላችሁ። በፊልሙ ያለችውን የአንጋፋዋን ተዋናይት የሄለን ላውሰንን ሚና መጀመሪያ የያዘችው ዝነኛዋ ዘፋኝና ተዋናይት ጁዲ ጋርላንድ ነበረች። ገና በልጅነቷ ስቱዲዮ ውስጥ የሚያነቃም የሚያስተኛም ኪኒን ይሰጣት እንደነበር ራሷ ተናግራለች። ከፊልሙ ተሰናበተችና ሱዛን ሄይዋርድ ተተካች። ጁዲ ጁን 1969 ለንደን ውስጥ በ47 ዓመቷ አረፈች። የሞት መርማሪው ምክንያቱ ሳታስበው የወሰደችው ከመጠን ያለፈ ባርቢቹሬት ነው አለ።

እኔን ከሁሉ የሚነካኝ ትዕይንት ግን ኪኒን የለበትም። ሻሮን ቴት የምትጫወታት ጄኒፈር ከእናቷ ጋር በስልክ ታወራለች። እናትየዋ ገንዘብ ትፈልጋለች፣ ስለ ልጇ ሰውነትም ትነዘንዛለች። ጄኒፈር ተሰጥኦ እንደሌላት፣ ያላት ሰውነቷ ብቻ እንደሆነ እንደምታውቅ በለዘበ ድምፅ ትመልሳለች። ስልኩን ዘግታ የደረት ስፖርቷን ትጀምራለች፣ ወዲያው ትተወዋለች። ሻሮን እዚህ ጋ ምንም አላጋነነችም። ኋላ ጄኒፈር የጡት ካንሰር ሲመጣባት ለምን ዓለም እንደተደፋባት የሚገባን ከዚህች ትዕይንት ነው።

የአን መጨረሻ ላይ ግን ፊልሙ ያታልላል። ኪኒኑን ትታ የትውልድ ከተማዋ ትመለሳለች፣ አለቀ። ብዙ ባርቢቹሬት ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ከመጨረሻው ኪኒን በኋላ ከ8 እስከ 12 ሰዓታት ባለው ጊዜ ውስጥ ጭንቀትና የእጅ መንቀጥቀጥ ይጀምረዋል። በተከታዮቹ ቀናት ሰውነትን የሚያንዘፈዝፍ የሚጥል ሕመም ሊነሳበት ይችላል፣ እሱም ሊገድል ይችላል። መውጫው በሐኪም ክትትል መጠኑን ጥቂት በጥቂት መቀነስ ነው።

በእኛ አገር ጤና ጣቢያዎች ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታልም የዚሁ ቤተሰብ ነው። በታዘዘው መጠን ሲወሰድ ብዙ ሰው የረዳ መድኃኒት ነው፤ አትፍሩት። ቤታችሁ የሚወስድ ሰው ካለ ግን ተሻለኝ ብሎ በራሱ እንዳያቆም። ሊያልቅ ጥቂት ፍሬ ሲቀረው፣ ሳይቋረጥ፣ ሄዶ ያስሞላ።