የእሑድ ጠዋት ወተት

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፣ እንኳን በደህና መጣችሁ። ዛሬ የምንሄደው ወደ ካንሳስ ነው፤ አሜሪካ መሃል ላይ ወዳለው ዛፍ የሌለበት ሜዳ፣ ኤሊስ ወደሚባለው ወረዳ። ጊዜው በግምት ከ1910 እስከ 1950ዎቹ ነው። ዓመቶቹንም ወራቱንም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራቸው። የማወራላችሁ ስለ ካቶሊክ ገበሬ ቤተሰቦች ልጅነት ነው።

እሑድ ነው እንበል፣ ገና አልነጋም። የሰባት ዓመት ልጅ ከበረት የታለበ ትኩስ ወተት በባልዲ ይዞ ይወጣል። ዛሬ ሊቆርብ ነው። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ወዲህ እህል ቀርቶ ውሃም በአፉ አልዞረም። ወተቱ ግን ይሞቃል፣ ይሸታል። ጣቱ ላይ የተንጠባጠበውን ክሬም ከላሰ ጾሙ ፈረሰ፤ የዚያን ቀን ቁርባን የለም። ለእናንተ ይህን ማብራራት አያስፈልገኝም፤ ውሃ ሳይቀምሱ መቁረብ ምን እንደሆነ ከእኛ ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል።

ለምን ሰባት ዓመት? ቀድሞ ካቶሊክ ልጆች የሚቆርቡት አሥር፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ነበር። በ1910 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጲዮስ 10ኛ ዕድሜውን ወደ ሰባት ገደማ ዝቅ አደረጉት። በዚያ ውሳኔ ሕፃኑ ቁርባኑን ብቻ አላገኘም፤ ጾሙንም አብሮ ተቀበለ። የማታ ቅዳሴ ደግሞ በዚያን ጊዜ አልተለመደም። ስለዚህ በባዶ ሆድ መታለብ ያለበት ሁሉ ይታለባል፣ ጥጃው ይጠጣል፣ ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይኬዳል። እሑድ ከባድ ሥራ የተከለከለ ነው፤ ላም ግን እሑድን አታውቅም፣ ማለብ እንደ ግዴታ ስለሚቆጠር አይከለከልም።

እነዚህ ሰዎች ጀርመኖች ናቸው፤ ወደ ካንሳስ የመጡት ግን ከሩሲያ ነው። በ1763 የሩሲያ ንግሥት ታላቋ ካትሪን ባወጣችው ጥሪ አያቶቻቸው ቮልጋ ወንዝ ዳር ሰፍረው፣ ከውትድርና ነፃ ሆነው መቶ ዓመት ያህል አረሱ። በ1874 ሩሲያ የውትድርና ግዴታ ስትጥል ብዙዎቹ ተነሱ፤ በ1876 ኤሊስ ወረዳ ገብተው ሄርዞግን፣ ካተሪንን፣ ሙንጆርን የመሳሰሉ መንደሮች ቆረቆሩ። ሄርዞግ ዛሬ ቪክቶሪያ ነው የሚባለው። ከ1878 ጀምሮ ያገለገሏቸው መነኮሳት ካፑቺኖች ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አገራችን የመጡት አባ ማስያስም የዚሁ ማኅበር ሰው ናቸው።

አሁን ወደ ባልዲው እንመለስ፤ የልጁ ሥራ እዚያ ነው ያለው። ወተቱ የሚገባው ክሬም መለያ ማሽን ውስጥ ነው። ከላይ የወተት ገንዳ፣ ከሥሩ በፍጥነት የሚሽከረከር የብረት ጎድጓዳ፣ በጎን ትልቅ እጀታ አለው። ሁለት አፍ አለው፤ በአንዱ ክሬም፣ በሌላው ቅባቱ የወጣለት ወተት ይወርዳል። ወተቱ ከላሟ እንደወጣ በሙቀቱ መግባት አለበት። ከቀዘቀዘ ክሬሙ ይወፍርና መውጫውን ይደፍናል፣ ከቅባቱም የተወሰነው ከወተቱ ጋር ይሄዳል።

እጀታው መጀመሪያ በዝግታ ይዞራል፤ ጎድጓዳው ከባድ ስለሆነ በኃይል የጀመረው ልጅ ክንዱ ወዲያው ይዝላል። ቀስ በቀስ ወደ ልኩ ይደረሳል፤ በብዙዎቹ ማሽኖች ልኩ በደቂቃ 60 ዙር ነው። ልጁ ይህን በምን ያውቃል? በብዙዎቹ ላይ እጀታው ላይ ትንሽ ደወል ነበረች። ፍጥነቱ እስካልሞላ ድረስ በየዙሩ ትጮኻለች፤ ሲሞላ ዝም ትላለች። የወተቱ መክፈቻ የሚከፈተው ደወሏ ዝም ስትል ብቻ ነው። ልጁ ደክሞት ከቀዘዘ ደወሏ ትናገርበታለች፣ እናትየው ከማድ ቤት ትሰማለች። ሲቀዘዝ ቅባቱ በደንብ አይለይም፤ የተረፈው የጥጃና የአሳማ መኖ ይሆናል። ያ ደግሞ ገንዘብ ነው፤ ክሬም የሚሸጠው በቅባቱ መጠን ተለክቶ ነበርና። የክሬሙና የእንቁላሉ ገንዘብ ስኳር፣ ቡናና ጫማ የሚገዛበት ነበር፤ የስንዴው ገንዘብ በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው።

ከሁሉ የሚጠላው እጥበቱ ነው። በጎድጓዳው ውስጥ እንደ መሶብ ክዳን የሾጠጡ ስስ የቆርቆሮ ሳህኖች ተደራርበዋል፤ ሃያም ሠላሳም ይሆናሉ። ቀላቅሎ ማጠብ አይቻልም። ሳህኖቹ እንደተደረደሩ በአንድ ሽቦ ይሰካሉ፣ በሞቀ ውሃ እንደ መጽሐፍ ገጽ እየተገለጡ ይታጠባሉ፣ ከዚያ የፈላ ውሃ ይፈስባቸዋል፣ ተንጠልጥለው ይደርቃሉ። ቅደም ተከተላቸው ከተዛባ ጎድጓዳው ሚዛኑን ስቶ ይንቀጠቀጣል። ሳይታጠቡ ካደሩ ደግሞ በጠርዛቸው የቀረው ዝቃጭ ይሸታል፣ የነገው ክሬም ይበላሻል፣ ገዢው ዋጋ ይቆርጣል። በቀን ሁለት ጊዜ ይታለባል፤ እሑድም ሳህኖቹ ያው ናቸው። ስለዚህ እጥበቱን የሚያስታውሱ ብዙዎች ናቸው ብል ማጋነን አይመስለኝም። ልጅ ክሬሙን ሳይሆን ሳህኑን ነው የሚያስታውሰው።

ቅባቱ የወጣው ወተት ወደ ጥጃ ይሄዳል። ጥጃ ከባልዲ መጠጣት በተፈጥሮው አያውቅም፤ አንገቱን ወደ ላይ ነው የሚዘረጋው። ልጁ ሁለት ጣቱን ወተት ውስጥ ነክሮ ያጠባዋል፣ ጥጃው መጥባት ሲጀምር እጁን ቀስ እያለ ወደ ባልዲው ያወርዳል፣ ኋላም ጣቶቹን ያወጣል። አንድ ቀን አይበቃም። ወተቱ ከቀዘቀዘ ወይም ከበዛ ጥጃው ይቀዝናል።

የተረፈው ወተት ከረጋ በኋላ በለስላሳ እሳት ይሞቅና አይብ ይሆናል፤ እሳቱ ከበዛ እንደ ጎማ ይደርቃል። አይቡ በሊጥ ተጠቅልሎ ይቀቀላል፣ ማውልታሽ ይሉታል። የዓርብ ምግብ ነው። የእነሱ ዓርብ ከእኛ ይለያል፤ የተከለከለው ሥጋ ብቻ ነው፣ ወተትና እንቁላል ይበላል። ይህ ደንብ በየሳምንቱ ዓርብ ግዴታ መሆኑ በአሜሪካ የቀረው በ1966 ነው።

እሳቱስ ከየት ይመጣል? ዛፍ የለም። ከቮልጋ ይዘውት የመጡት መፍትሔ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ኩበት ነው። የከብት እበት ከገለባ ጋር በውሃ ይረጥባል፣ ፈረሶች እየዞሩ ይረግጡታል፣ ተዘርግቶ ትንሽ ሲጠነክር በአካፋ እንደ ጡብ ይቆረጣል። አንድ ጎኑ ሲደርቅ ልጆች ይገለብጡታል። ውስጡ ሳይደርቅ ከተከመረ ይሻግታል፣ ሲነድም ቤቱን ጢስ ብቻ ያደርገዋል።

ዛፍ ባይኖርም ድንጋይ ነበር። ከአፈሩ ሥር ያለው የኖራ ድንጋይ ሲቆፈር ለስላሳ ነው፣ አየር ሲነካው ይጠነክራል። በመስመር ጉድጓድ ይበሱና በየጉድጓዱ የብረት ሽብልቅ ይሰካሉ፤ በተራ በተራ ሲመቱት ድንጋዩ በመስመሩ ይሰነጠቃል። አንዱን ብቻ አብዝቶ የመታ ሰው ድንጋዩን ጠማማ ይሰብረዋል። የአጥር ምሰሶውም ከዚህ ድንጋይ ነው። በቪክቶሪያ የቅዱስ ፊደሊስ ቤተ ክርስቲያን ከ1908 እስከ 1911 የተሠራውም በዚሁ ነው። 12 ዓመት የሞላው ቆራቢ ሁሉ በዓመት 45 ዶላርና ስድስት ጋሪ ድንጋይ እንዲያመጣ ተጠየቀ። እስቲ አስቡት፤ በዚያ ቤት ልጅ ሆኖ ያደገ ሰው በቅዳሴ ሰዓት ግድግዳውን ሲያይ የትኛው ድንጋይ በየትኛው ጋሪ እንደመጣ ሳያውቅ አይቀርም።

ስንዴው በመስከረም ይዘራል፣ የብርዱን ወራት በረዶ ሥር ያድራል፣ በሰኔ መጨረሻ ይታጨዳል። ስለዚህ የምህላው ቀን ሲደርስ ማሳው አረንጓዴ ነው። ሚያዝያ 25 እና ከዕርገት በፊት ያሉት ሦስት ቀናት፣ ካህኑ ከፊት፣ ልጆቹ ከኋላ ሆነው የቅዱሳን ስም እየተጠራ ይዞራሉ፤ ሰብሉ ይባረካል። ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት የሚያስፈሩ ናቸው። በረዶ ከዘነበ የዓመቱ እህል በአሥር ደቂቃ ይረግፋል። ሰማዩ ሲጠቁር እናት የተባረከ ሻማ ታበራለች፣ ከሆሳዕና የተቀመጠውን ዘንባባ ቆንጥራ እሳት ውስጥ ትጥላለች፣ ልጆቹ ይንበረከካሉ። እኔ ይህን እንደ ጥንቆላ ከሚያዩት ጋር አልስማማም። መስኮቱም ተዘግቷል፣ ዶሮዎቹም ገብተዋል፤ በእጅ የሚሠራው ሁሉ ከተሠራ በኋላ የቀረው ጸሎት ነበር።

አዝመራው ሲደርስ እሑድ ችግር ይሆናል። የደረሰ ስንዴ ይረግፋል፣ ዝናብ ካገኘው በዛላው ላይ ይበቅላል። ካህኑ በቂ ምክንያት ካየ ከቅዳሴ በኋላ እንዲታጨድ ይፈቅዳል። ፈቃዱ ከቅዳሴ አያስቀርም፤ ጾሙንም አያነሳም። ገበሬው በባዶ ሆዱ ያልባል፣ ይቆርባል፣ ቁርሱን ይበላል፣ ከዚያ ወደ ማሳው ይወጣል።

ውሃ የተፈቀደው በ1953 ነው፤ ጲዮስ 12ኛ ተራ ውሃ ጾም አያፈርስም አሉ። በ1957 ጾሙ ለምግብ ሦስት ሰዓት ሆነ፣ በ1964 ደግሞ ከቁርባን በፊት አንድ ሰዓት ብቻ። ከዚያ በኋላ የተወለደው ልጅ እሑድ ጠዋት ጣቱን ሊልስ ይችላል። ሳህኖቹን ግን ያው ያጥባል።