ለሳይንስ ፔፐር ኮከብ የሚሰጡት እነማን ናቸው?

ሰላም ሰላም የቻናላችን ቤተሰቦች፣ እንዴት ከረማችሁ? ከጅማ ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለሆነ ድምፁ ከገባ ቻሉት፣ ጅማ ነዋ! ዛሬ የምናየው ታትሞ የወጣ የሪሰርች ፔፐርን ኤክስፐርቶች እንዴት ደረጃ እንደሚሰጡትና "ይሄን አንብቡ" እንደሚሉ ነው። ታትሞ የወጣ ነው ያልኩት፣ ልብ በሉ። ከመታተሙ በፊት ያለው ፒር ሪቪው፣ ማለት ሌሎች ተመራማሪዎች ፔፐሩ ይታተም አይታተም ብለው የሚገመግሙት፣ ሌላ ነው።

እሺ፣ ቡና ቅምሻ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የጅማ ልጅ ሆኖ ቡና ያልጠጣ የለም፣ ቅምሻ ያየ ግን ጥቂት ነው። ጠረጴዛው ላይ ሲኒዎች ይደረደራሉ፣ ከአንድ ናሙና አምስት ሲኒ። ለምን አምስት? አንዲት የተበላሸች ፍሬ ከገባች አንዷ ሲኒ ላይ ብቻ ታጋልጣለች፣ ለዛ ነው። ሙቅ ውሃ ይፈስበታል፣ አራት ደቂቃ ገደማ ይጠበቃል፣ ከዛ ቀማሹ አፍንጫውን ሲኒው ውስጥ ሊነክር ምንም ሳይቀረው ላይ የተንሳፈፈውን ዱቄት በማንኪያ ገፋ ገፋ እያረገ ሽታውን ይስባል። ከዛ ነው ጉዱ! በማንኪያ ቀድቶ ፍርርርጥ አርጎ ይስበዋል፣ እናታችሁ ፊት እንዲህ ብትጠጡ ከቤት ነው የምትባረሩት። ከዛ ደግሞ ይተፋዋል። የጅማን ቡና! ይተፋዋል! እና ቁጭ ብሎ ይጽፋል፣ አሲዱ እንዲህ ነው፣ ጣዕሙ እንዲህ ነው፣ ነጥብ ይሰጣል፣ ይደመራል፣ ከመቶ 80ና ከዛ በላይ ያመጣ ስፔሻሊቲ ይባላል። ነጋዴው ቁጥሩን ይወዳል፣ እኔ ማስታወሻውን ነው የምወደው። "82" ብትሉኝ ምንም አይገባኝም፣ "ሎሚ ሎሚ ይላል፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ አፈር አፈር" ብትሉኝ ግን ቡናው አፌ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ወደ ፔፐሩ፣ እዚህም ቁጥርም ማስታወሻም አለ። በፈረንጆቹ 2002 ፋካልቲ ኦፍ 1000 የሚባል አገልግሎት በባዮሎጂ ተጀመረ፣ ሕክምና በኋላ ተጨመረበት፣ በ2020 ፋካልቲ ኦፒኒየንስ ተባለ፣ በ2023 ደግሞ ኤች ዋን ኮኔክት፣ ስም መቀየር አይሰለቻቸውም። አሰራሩን ቶሎ ቶሎ ልበለው፦ በየዘርፉ የተመረጡ ተመራማሪዎች አሉ፣ አንብበው የወደዱትን ፔፐር ይመርጣሉ፣ አንድ ኮከብ ጥሩ፣ ሁለት በጣም ጥሩ፣ ሦስት ልዩ፣ ለምን እንደመረጡት አጠር አርገው በስማቸው ይጽፋሉ፣ ታግም ይለጥፉበታል፣ "አዲስ ግኝት"፣ "አከራካሪ"፣ "ለማስተማር ጥሩ" ምናምን። ሌላ ሰው ሲመርጠው ኮከቡ ይደመራል። አለቀ። ድምሩን ግን ያዙልኝ፦ ሦስት ሰው አንድ አንድ ኮከብ ቢሰጡትም፣ አንድ ሰው ብቻውን ሦስት ቢሰጠውም ውጤቱ ያው ሦስት ነው! መራጮቹ የጻፉትን ካላነበባችሁ ልዩነቱን በምን ታውቃላችሁ?

አሁን ወደ ኮሜንቶቻችሁ። ባለፈው ይሄን ነካ ሳረገው "ብሮ ታዲያ ኮከብ የሌለው ፔፐር ቆሻሻ ነዋ" ያላችሁ አላችሁ፣ ላይክ ያረጋችሁለት ደግሞ ብዛታችሁ! አይደለም። አይደለም ጎበዝ። ቅምሻ ጠረጴዛ ላይ የቀረበ ሁሉ ነጥብ ያገኛል፣ መጥፎውም። እዚህ ግን "መጥፎ" የሚል ኮከብ የለም። ኮከብ የለውም ማለት የመረጠው ሰው የለም ማለት ነው፣ ምናልባት ያነበበውም የለም። እዚሁ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚያሳትመው የኢትዮጵያ የጤና ሳይንስ ጆርናል አለ፣ ቦስተን ያለ ፕሮፌሰር ጠዋት ተነስቶ መጀመሪያ እሱን የሚከፍት ይመስላችኋል? ታዋቂውን ኔቸር ጆርናልን ነው እንጂ! ደሞ ቀማሹ ኮድ ብቻ ነው የሚያየው፣ ቡናው የሊሙ ይሁን የከፋ አያውቅም፣ ፔፐር የሚመርጠው ሰውዬ ግን የደራሲውን ስም፣ ዩኒቨርሲቲውን፣ ጆርናሉን ሁሉንም እያየ ነው፣ ሰው ነው፣ ትልቅ ስም ይስበዋል። እርግጥ እንዳላማቸው፣ ብዙ ሰው ከማያያቸው ጆርናሎች የተመረጡትን "የተደበቁ እንቁዎች" ብለው ለብቻ የሚያወጡበት ጊዜ ነበር፣ እሱ ተመችቶኛል።

"ሦስት ኮከብ ካለው ተረጋግጧል" ላላችሁትም ያው መልስ ነው። ሦስት ኮከብ ተሰጥቶት አጠገቡ "አከራካሪ" የሚል ታግ ሊለጠፍበት ይችላል፣ ሁለቱ አይጣሉም። ሰውየው "ይሄ ሊያነጋግረን ይገባል" እያለ ነው፣ "እውነት ለመሆኑ እምልላችኋለሁ" እያለ አይደለም።

ስለዚህ ቴሲስ የምትጽፉ ልጆች፣ "ሦስት ኮከብ ያገኘ ጥናት" ብላችሁ ሊትሬቸር ሪቪዋችሁ፣ የቀደሙ ጥናቶችን የምትዳስሱበት ክፍል ውስጥ፣ አትለጥፉ፣ አድቫይዘራችሁ ይስቅባችኋል። የመራጩን ጽሑፍ ክፈቱ፣ ሜተዱን ነው የወደደው ወይስ ሀሳቡን? ናሙናው አንሷል ብሎ ጥግ ላይ ጣል ያረጋት ነገር አለች? እሷን ፈልጉ።

ሰብስክራይብ ያላረጋችሁ አድርጉ፣ ደወሏንም ጫኑ፣ ቴሌግራሙ ከታች አለ። ቀጣዩ ስለተሰረዙ ፔፐሮች ነው፦ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያዘው፣ በፈረንጆቹ 1998 ላንሴት የሚባለው የሕክምና ጆርናል ላይ የወጣው ፔፐር የተሰረዘው በ2010 ነው፣ 12 ዓመት ምን ሲጠበቅ ነበር? እሱን እናያለን፣ ቻው።