ጦስኝን ከነሥሩ አንንቀል

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ንብ አናቢዎች፣ የመንደራችን ወጣቶች፤ ስለ ጦስኝ እንድናገር ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ጦስኝን ለደጋ ሰው ማስተዋወቅ አያሻም። በሻይ እንጠጣዋለን፣ ከበርበሬና ከሽሮ ጋር እናስፈጨዋለን፣ ጉንፋን ሲይዘን አፍልተን እንታጠንበታለን። ሳይንሳዊ ስሙ ቲመስ ሺምፐሪ ሲሆን፣ መጠሪያው የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ አገራችን መጥቶ በ1878 አድዋ ላይ ካረፈው ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ከሺምፐር ነው። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ብዙዎቻችን ዝቅ ብለን ስላላየነው ስለ አበባው ነው።

አበባው ከስንዴ ፍሬ እምብዛም አይበልጥም። ቀርቦ ላየው ሁለት ከንፈር አለው፤ የታችኛው ሦስት ቦታ ተከፍሎ ለንብ ማረፊያ ይሆናል፣ ጣፋጩ ፈሳሽም ከአጭሯ ቱቦ ሥር ስለሚገኝ ንቧ ምላሷን ዘርግታ በቀላሉ ትደርስበታለች። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጓሮዬ ካለው የጦስኝ መደብ አጠገብ ተቀምጬ አንዲት ንብ በዓይኔ ስከተል፣ አበቦቹ ተጠጋግተው ስለሚያብቡ ክንፏን ሳትዘረጋ ከአንዱ ወደ ሌላው በእግሯ እየተሻገረች፣ የአበባ ዱቄቱን በኋላ እግሮቿ ላይ ስታከማች አየሁ።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ለቅሞ ሻጩ ጦስኝን የሚፈልገው ሲያብብ ነው፤ ንቧም የምትፈልገው በዚያው ጊዜ ነው። በችኮላ በእጅ ሲጎተት ደግሞ ከነሥሩ ይወጣል፤ ለብዙ ዓመት ሊቆርጡት የሚችሉት ተክል በአንድ ቀን ገበያ ያልቃል፣ ሥሩ ይዞት የነበረው የተዳፋት አፈርም በሚቀጥለው ክረምት ጎርፍ ይወስደዋል። ስለዚህ የምለምናችሁ ጦስኝን ከተራራው መንቀል ትተን በየጓሯችን እንድንተክለው ነው።

አተካከሉ ከባድ አይደለም። ዘሩ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ብዙ ያደክማል፤ ቁራጭ ይሻላል። ያላበበ ለጋ ቅርንጫፍ መርጣችሁ በእጅ ጣት ርዝመት ቁረጡ፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፉና አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ውስጥ ግማሹን ቅበሩ። ሥር እስኪይዝ ድረስ ጥላ ሥር አኑሩት፤ አፈሩ ይርጠብ እንጂ አይጨቅይ። መሬት ለመሬት የሚሳበው ግንድ በራሱ ሥር ስለሚያወጣ፣ እሱን ከነአፈሩ ከፍሎ መትከል ደግሞ ከሁሉ ይቀላል።

ጦስኝን የሚገድለው ብርድ አይደለም፤ የተኛ ውኃ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ሁሉንም ችግኝ ዋልካ መሬት ላይ ተክዬ ነሐሴ ሳያልቅ ሥሩ በስብሶ አንድም አልተረፈልኝም፤ ያን ያህል ደክሜ ባዶውን መደብ ማየት በእውነት አሳዝኖኛል። በዓመቱ ድንጋይ ደርድሬ መደቡን ከፍ አደረግሁ፣ አሸዋ ጨመርሁበት፣ ፀሐይ በደንብ የሚያገኘውን ቦታ መረጥሁ፤ ያኔ ያዘልኝ። ፍግ አታብዙበት፤ ቅጠሉ ይንዠረገጋል እንጂ ሽታው ይደክማል። አረሙን በእጅ ንቀሉ።

በተተከለበት ዓመት አትቁረጡት። ከዚያ በኋላ በተሳለ ማጭድ፣ አረንጓዴ ቅጠል ከታች አስቀርታችሁ እጨዱ፤ እስከ ደረቁ እንጨት ከወረዳችሁ አያቆጠቁጥም። ሲያብብ ግማሹን መደብ ለገበያ እጨዱ፣ ግማሹን አበባው እስኪረግፍ ለንቦቹ ተዉላቸው። የማር ቆረጣው ጥቅምትና ኅዳር ላይ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ያለው እያንዳንዱ አበባ ለቀፎው ስንቅ ነው። ያጨዳችሁትን ጥላ ውስጥ ሰሌን ላይ አድርቁ፤ ፀሐይ ዘይቱን ያበንነዋል። በአቅራቢያው ያለ ገብስ ወይም ስንዴ ላይ መድኃኒት የሚረጭ ጎረቤት ካለ ደግሞ፣ ንቦቹ ወደ ቀፎ ከገቡ በኋላ፣ ሲመሻሽ እንዲረጭ በአክብሮት ንገሩት።

በሩ አጠገብ ባለው ሰፌድ ላይ ዛሬ ጧት ከጓሮዬ የቆረጥኳቸው ቅርንጫፎች አሉ። ስትወጡ እየወሰዳችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሏቸው፤ ነገ ሳይረፍድ ትከሏቸው። አመሰግናለሁ።