የመጀመሪያው ሌንስ፦ ከርዝመቱ በፊት ብርሃኑ

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ? ይህን የማወራችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። የዛሬው ጉዳይ ፎቶግራፍ ማንሳት የጀመረ ሰው ገንዘቡ ለአንድ ሌንስ ብቻ የሚበቃው ከሆነ፣ ለብዙ ዓይነት ሥራ የሚሆነው የትኛው ነው የሚለው ነው። የእኔን መልስ ከመጀመሪያው ላስታውቃችሁና ምክንያቱን በኋላ ላስረዳ፤ ሰንሰሩ፣ ማለትም ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶግራፉን የሚፈጥረው የካሜራው ክፍል፣ አነስ ባለ ካሜራ ለሚሠራ ጀማሪ፣ ከ17 እስከ 50 ሚሊሜትር የሚደርስና በየትኛውም ርዝመቱ የብርሃን ቀዳዳውን እስከ ኤፍ 2.8 የሚከፍት ሌንስ ከሌሎቹ ሁሉ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። ይሁን እንጂ ከካሜራው ጋር የመጣው ሌንስ ምን እንደጎደለው በሥራ ሳይታወቅ ይህም ቢሆን ሊገዛ አይገባም።

ስለዚህ ጉዳይ እንዳስብ ያደረገኝ በዩኒቨርሲቲያችን የሚማር የጎረቤቴ ልጅ ነው። ሰው የተገለገለበትን የካኖን ካሜራ ከነ18-55 ሚሊሜትር ሌንሱ ገዝቶ ለጥቂት ወራት ሲሠራበት ከቆየ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ይቺን ሸጬ 18-200 ልግዛ ወይስ ሁሉም ሰው የሚያወድሳትን 50 ሚሊሜትር?» ሲል ጠየቀኝ። ሁለቱም ሐሳቦች ከአየር የመጡ አይደሉም። የመጀመሪያው የሩቁንም የቅርቡንም በአንድ ሌንስ ለመሰብሰብ ከመፈለግ የመጣ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ በየቪዲዮው ለጀማሪ ከሚሰጠው ምክር የተወሰደ ነው። እኔ ግን ወደ ሁለቱም አላዘነበልኩም።

በሌንስ ላይ ከተጻፉት ቁጥሮች ሁለቱን ማንበብ ለዛሬው ጨዋታችን ይበቃል። በሚሊሜትር የሚነገረው ቁጥር ሌንሱ ምን ያህል ሰፊ ወይም ጠባብ እይታ እንደሚይዝ ይናገራል፤ ቁጥሩ ሲያንስ እይታው ይሰፋል፣ ሲበዛ የሩቁ ይቀርባል። ከኤፍ ቀጥሎ የሚጻፈው ደግሞ ሌንሱ የቱን ያህል ብርሃን ሊያስገባ እንደሚችል ያመለክታል፤ እዚህ ላይ ትንሹ ቁጥር ትልቁን ቀዳዳ ስለሚወክል፣ ኤፍ 2.8 ከኤፍ 5.6 ጋር ሲነጻጸር አራት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ጀማሪው ብዙውን ጊዜ ዓይኑ የሚያርፈው በመጀመሪያው ቁጥር ላይ ነው፤ 200 ከ55 እንደሚበልጥ ለማየት ማንም አስተማሪ አያስፈልገውም። የሁለተኛው ጥቅም የሚገለጠው ግን ፀሐይ በማይገባበት ቦታ ነው፤ እኛ ደግሞ የምንወዳቸውንና የምናከብራቸውን ነገሮች አብዛኛውን ጊዜ የምናደርገው ከጣሪያ በታች ነው።

ዘጌ የሚገኘውን የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ቤተ ክርስቲያን እንውሰድ። ሕንጻው ክብ ነው፤ የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል የተሸፈነ ሲሆን፣ በመቅደሱና በውጨኛው ግድግዳ መካከል ያለው ክብ መተላለፊያ ወደ ኋላ ብዙ ለማፈግፈግ አይፈቅድም፤ ብርሃኑም በአብዛኛው በበሮቹ በኩል የሚገባው ነው፤ በእንዲህ ያለ ጥንታዊ ሥዕል ፊት ፍላሽ ማብራት ደግሞ ፈጽሞ አይገባም። በዚህ ቦታ ያቺ የተወደሰች 50 ሚሊሜትር ሌንስ ምን ትሠራለች? ሰንሰሩ ትንሽ በሆነው በልጁ ካሜራ ላይ ስትገጠም፣ ከሁለት ሜትር ርቀት የምትይዘው የግድግዳ ስፋት 90 ሴንቲሜትር አይሞላም፤ የአንድ ቅዱስ ሙሉ ሥዕል ከነፈረሱ በአንድ ፎቶግራፍ ውስጥ ላይገባ ይችላል። 18 ሚሊሜትር ግን ከዚያው ቦታ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ይይዛል። 50 ሚሊሜትሯ ርካሽ፣ ቀላልና ብሩህ መሆኗን አልክድም፤ የካኖኗ ክብደት 160 ግራም ገደማ ብቻ ነው፣ ቀዳዳዋም እስከ ኤፍ 1.8 ይከፈታል። ሙሉ ሰንሰር የሚባለው ትልቁ ሰንሰር ባለው ካሜራ ላይ ተመጣጣኝ እይታ የምትሰጠው ይህች ሌንስ፣ በትንሹ ሰንሰር ላይ ግን እንደ 80 ሚሊሜትር የምትቆጠር የፊት ማንሻ ትሆናለች። ምክሩን የሚሰጡት ሰዎች ይህን ልዩነት በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢጠቅሱት ኖሮ ብዙ ጀማሪ ግድግዳ እየገፋ ወደ ኋላ ባልሄደ ነበር።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ በዚያው በኡራ ኪዳነ ምሕረት ውስጥ የልጁ አሮጌ 18-55 የሚያሳፍር አይደለም። በሰፊው ጫፉ ላይ እስከ ኤፍ 3.5 ስለሚከፈት ከኤፍ 2.8 ብዙ አይርቅም፤ የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋ መሣሪያም በውስጡ ካለ፣ ሥዕሉ ከቦታው ስለማይነቃነቅ በዝግታ ፍጥነት፣ ማለትም ካሜራው ረዘም ላለ ጊዜ ብርሃን እየተቀበለ፣ ጥርት አድርጎ ያነሳዋል። ችግሩ የሚጀምረው የሚነሳው ነገር ሲንቀሳቀስ ነው። ሌሊት በማኅሌት ካህናቱ መቋሚያቸውን ይዘው ሲያሸበሽቡ፣ ማረጋጊያው የእናንተን እጅ ይይዛል እንጂ የእነሱን እንቅስቃሴ አይገታም። የአንዱን ሊቅ ፊት ለይቶ ለማንሳት ወደ 55 ሲጠጋ ደግሞ ያ ሌንስ ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 5.6 ያጠባል። እንቅስቃሴውን ለማስቆም 1/125 ሰከንድ ያስፈልጋል ብንል፣ በኤፍ 2.8 አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜታዊነት መለኪያ) 1600 የሚበቃው ብርሃን በኤፍ 5.6 አይኤስኦ 6400 ይጠይቃል፤ በአሮጌ ካሜራ ላይ ይህ ፊቱን ጥራጥሬ ያስመስለዋል። ሰርግ በዳስ ውስጥ ሲሆን፣ ቡና በጓዳ መስኮት አጠገብ ሲፈላ፣ አራስ ቤት ገብቶ እናትና ልጅን ማንሳት ሲያስፈልግ የሚገጥመው ይኸው ነው። የዳሱ ሸራ ሰማያዊ ከሆነ የሙሽሮቹ ፊት ቀለም የሚሆነውን ነገር ሌላ ጊዜ እንነጋገርበታለን፤ እሱን ሌንስ አያድነውም።

ወደ ውጭ ስንወጣ ክርክሩ መልኩን ይለውጣል፤ የ18-200ና የ18-135 ሚሊሜትር ረጃጅም ሌንሶች ደጋፊዎችም እውነት አላቸው። ጥር 23 ቀን እንጅባራ የሚከበረውን የአገው ፈረሰኞች በዓል አስቡት። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ በዕለቱ ያጌጡ ፈረሶች ሜዳውን ሞልተው ይጋልባሉ፣ ጉግሥም ይታያል። የጥር ፀሐይ ብርቱ ስለሆነች በአይኤስኦ 200 እና በኤፍ 5.6 እንኳ ከ1/1000 ሰከንድ የሚበልጥ ፍጥነት ይገኛል፤ ስለዚህ ትልቅ ቀዳዳ ያለው ሌንስ በዚህ ሜዳ ላይ የተለየ ጥቅም የለውም፤ በ50 ሚሊሜትር የሚያበቃው ሌንስም ከማዶ ያለውን ፈረሰኛ ትንሽ አድርጎ ያስቀረዋል። በዚያ ላይ አቧራው ስለሚነሳ ሌንስ መቀያየር ሰንሰሩን ለአቧራ ማጋለጥ ነው፤ አንድ ረጅም ዙም ገጥሞ መዋል ብልህነት ነው። አውጥቼ አውርጄ ሳየው፣ ዋና ሥራው ሜዳ ላይ ለሚሆን ሰው 18-135 እንዲገዛ እመክራለሁ። 18-200ን ግን አልመክርም፤ የርዝመቱ ስፋት ከ11 እጥፍ በላይ ስለሆነ በመስታወቶቹ አሠራር ላይ ብዙ ማቻቻል ይደረጋል፣ በረጅሙ ጫፍም ጥራቱ ይለሰልሳል፤ አንዳንዱ ደግሞ ወደ ታች ሲያዘነብሉት በራሱ ክብደት እየተንሸራተተ ይረዝማል።

መልክዓ ምድርን በሚመለከት ብዙ ሰው በጣም ሰፊ ሌንስ ካልገዛሁ አይሆንም ሲል እሰማለሁ፤ እኔ ግን አልስማማም። ከደጀን ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ የሚታየውን ገደል በ18 ሚሊሜትር የሞከረ ሰው ያውቀዋል፤ ዓይን ያስደነገጠው ጥልቀት በፎቶግራፉ ላይ ቀጭን መስመር ሆኖ ይቀራል፣ ግማሹም ሰማይ ይሆናል። በ50 ሚሊሜትር አካባቢ መንገዱ የሚታጠፍበትን አንድ ክፍል ለይቶ፣ መኪናውንም እንደ መለኪያ አስገብቶ ማንሳት ገደሉን ይበልጥ ገደል ያደርገዋል። በተቃራኒው ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው ጮቄ ላይ፣ ከአንዱ ጅብራ ሥር ተጠግቶ በሰፊው ጫፍ ማንሳት ተክሉን ከነቁመቱ፣ ተራራውንም ከጀርባው አድርጎ ያሳያል። ሁለቱም በ17 እና በ50 መካከል ያሉ ናቸው፤ ሁለቱንም በካሜራ ማቆሚያ ላይ በኤፍ 8 ማንሳት ስለሚቻል፣ ከካሜራው ጋር የመጣው ርካሹ ሌንስ ከውዱ ጋር ያለው ልዩነት ጎልቶ አይታይም። ብርሃን በሞላበት ቦታ ሌንሶች ይቀራረባሉ፤ የሚለያዩት በጨለማ ነው። ስለዚህም ነው ለብዙ ሥራ የሚሆነውን ስመርጥ በርዝመቱ ሳይሆን በቀዳዳው የምጀምረው።

የምመክረው ሌንስ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። የሲግማው 17-50 ለምሳሌ 565 ግራም ይመዝናል፤ ቀኑን ሙሉ አንገት ላይ ሲውል ይከብዳል፤ በኤፍ 2.8 ሲነሳበት የፎቶግራፉ ጠርዞች ከመሐሉ ያነሰ ጥራት አላቸው፤ ዋጋውም ከ18-55 ጋር የሚወዳደር አይደለም። ታምሮንም በዚሁ ርዝመትና ቀዳዳ የሠራው አለ። በአካላቸው ውስጥ አንጸባራቂ መስታወት ስለሌላቸው መስታወት አልባ የሚባሉትን አዳዲስ ካሜራዎች የያዛችሁ ደግሞ ሲግማ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 ያወጣውን 18-50 ኤፍ 2.8 ተመልከቱ፤ ክብደቱ ከ300 ግራም በታች ነው፤ ነገር ግን የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋ መሣሪያ በውስጡ የለም።

ለጎረቤቴ ልጅ የሰጠሁት የቤት ሥራ ምንም ወጪ አልነበረበትም። እያንዳንዱ ፎቶግራፍ የተነሳበትን ርዝመት ካሜራው በፋይሉ ውስጥ ስለሚመዘግብ፣ ያነሳቸውን በኮምፒውተር ከፍቶ ርዝመታቸውን እንዲያይ አደረግሁ። 55 ላይ የተነሳ ሁሉ 200 ያስፈልገዋል ማለት እንዳልሆነም ነገርኩት፤ መጠየቅ ያለበት ያን ፎቶግራፍ በኋላ ዙሪያውን ቆርጦ አጥብቦታል ወይ የሚለው ነው። ቆርጦ ከሆነ በእርግጥም ርዝመት ጎድሎታል። ልጁ እንዳየው ከወደዳቸው መካከል የሚበዙት በቤት ውስጥ፣ በ18 እና በ35 ሚሊሜትር መካከል የተነሱ ነበሩ፤ ከጣላቸውም የሚበዙት በርቀት ሳይሆን በብዥታ የተበላሹ ናቸው። 18-200 የሚለውን ሐሳብ እዚያው ተወው። ገንዘቡ እስኪሞላለት ድረስም በ18-55ቱ እየሠራ፣ ጨለማ ቦታ ሲገባ ወደ ሰፊው ጫፍ ይመልሰውና ወደሚያነሳው ሰው በእግሩ ይጠጋል።

ሌንሱ ሰው የተገለገለበት ከሆነ የራሳችሁን ካሜራ ሳትይዙ ለግዢ አትሂዱ። በመጀመሪያ አፉ ከካሜራችሁ ጋር የሚገጥም መሆኑን እዩ፤ የኒኮን ባለ3000 እና ባለ5000 ተከታታይ ካሜራዎች የፎከስ ሞተር በአካላቸው ውስጥ ስለሌለ፣ የራሱ ሞተር የሌለው የድሮ ሌንስ በእነሱ ላይ በእጅ ካልሆነ ፎከስ አያደርግም። ቀጥሎ በስልካችሁ መብራት ከኋላ በኩል አብርታችሁ መስታወቶቹን ተመልከቱ፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው፣ ዋጋው ምንም ቢቀንስ ተዉት። ትንሽ አቧራ ግን አያስጨንቃችሁ። ከዚያም በኤፍ 2.8 የጡብ ግድግዳን ወይም የተለጠፈ ጋዜጣን ፊት ለፊት አንሱና ግራና ቀኙ እኩል ጥርት ማለቱን አረጋግጡ፤ አንዱ ወገን ከደበዘዘ ሌንሱ ወድቆ የሚያውቅ ሊሆን ይችላል።

ሻጋታን ካነሳሁ አይቀር፣ ባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ያላችሁ አድማጮች ለክረምቱ ተጠንቀቁ። ሌንስን በቆዳ ማኅደሩ ዘግቶ ቁም ሳጥን ውስጥ ለወራት ማስቀመጥ እርጥበትን አምቆ መያዝ ነው። ክዳኑ በሚገባ በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ከአዲስ ጫማ ወይም ከኤሌክትሮኒክስ ካርቶን የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ሰብስባችሁ አብራችሁ አስቀምጡት፤ ከረጢቶቹንም በየጊዜው በአዲስ ተኩ፤ ሌንሱንም ቢያንስ በየሳምንቱ አውጥታችሁ ሥሩበት። ጥያቄ ያላችሁ በድምፅ መልእክት ላኩልኝ፤ በሚቀጥለው ክፍል ስለዚያ ስለ ሰማያዊው የዳስ ሸራ እንነጋገራለን። ደኅና ሰንብቱ።