ዝቅተኛ ክፍያ ያለው የምሥጢራዊ ደንበኛነት ሥራ ያዋጣል ወይ?
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ የሰብሳቢው የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራትና ክቡራን እንግዶቻችን፤

ከአያት፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከጀሞና ከካራ በማለዳ ተነሥታችሁ ለዚህ ጉባኤ ስለበቃችሁ በሥራ አመራር ኮሚቴው ስም እንኳን ደኅና መጣችሁ እላለሁ። የሥራና የሒሳብ ሪፖርቱ ተባዝቶ በእጃችሁ ስለሚገኝ እኔ የማነሣው አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። እርሱም ዓመቱን ሙሉ ከእናንተ ሲቀርብልን የቆየው፣ ክፍያው ዝቅተኛ የሆነውን የምሥጢራዊ ደንበኛነት ሥራ እንቀበል ወይስ እንተው የሚለው ጥያቄ ነው።

ለእንግዶቻችን ያህል፣ ሥራችን እንደ ማንኛውም ደንበኛ ወደ ባንክ ቅርንጫፍ፣ ወደ ካፌ ወይም ወደ ሱቅ ገብተን የተደረገልንን መስተንግዶ በመታዘብ ለላከን ድርጅት በጽሑፍ ማቅረብ ነው። ሙያው በአሜሪካ ከ1940ዎቹ ጀምሮ በዚህ መልክ የታወቀ ሲሆን፣ በእኛም አገር ሁለተኛው የቴሌኮም ኩባንያ በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት ከጀመረና በ2017 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ለውጭ ባንኮች በር ከከፈተ ወዲህ የደንበኛ አያያዝ ጉዳይ ይበልጥ ክብደት አግኝቷል።

ወደ ጥያቄው ስመለስ፣ በማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ክፍያ ብቻውን ምንም አይነግረንም። ለምሳሌ ቦሌ አካባቢ የሚገኝ አንድ ቅርንጫፍ ለመጎብኘት 400 ብር ይከፈላል እንበል። ከኮዬ ፈጬ የሚነሣ አባል መመሪያውን ለማንበብ ግማሽ ሰዓት፣ ከታክሲ ሰልፍ ጋር ለመሄድና ለመመለስ 3 ሰዓት፣ በቅርንጫፉ ለመስተናገድ ግማሽ ሰዓት፣ ቅጹን ለመሙላት ደግሞ 1 ሰዓት ቢፈጅበትና ለመጓጓዣ 100 ብር ቢያወጣ፣ የሚተርፈው 300 ብር ለ5 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 60 ብር ይሆናል። እዚያው ቦሌ የሚኖር ሰው ግን ያንኑ ሥራ በ2 ሰዓት ጨርሶ በሰዓት 200 ብር ያገኛል። እኛ የከተማዋ ዳር ነዋሪዎች ከመሐል ከተማ ሰው ጋር አንድ ዓይነት ሒሳብ ልንይዝ የማንችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው፦ ዝቅተኛው ክፍያ የሚያዋጣው ሥራው በመንገዳችን ላይ ሲገኝ ብቻ ነው። በየዕለቱ ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ መገናኛ የሚመላለስ አባል እዚያው ያለውን ቅርንጫፍ ቢጎበኝ የመንገዱ ጊዜና ወጪ አይቆጠርበትም፤ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች በሚዘልቀው የቀላል ባቡር መስመር ላይ በአንድ ቀን ሁለት ሦስት ሥራ ማያያዝ የቻለም እንደዚሁ። አዲስ አባል ሪፖርት አጻጻፍ ለመልመድ ጥቂት ሥራዎችን በአነስተኛ ክፍያ ቢሠራ አልቃወምም። ነገር ግን ካፌ ስንጎበኝ የከፈልነውንና ድርጅቱ በኋላ የሚመልስልንን የምግብ ዋጋ እንደ ገቢ አንቁጠረው። በራሳችን ፈቃድ የማናዝዘውን ምሳ ከኪሳችን ከፍለን፣ ገንዘቡም አንዳንድ ጊዜ ከወር ወይም ከሁለት ወር በኋላ የሚመለስልን ከሆነ፣ አበዳሪዎቹ እኛ ነን።

ሥራ አልቀበልም ማለትም ጉልበት አለው። የላከን ድርጅት ጥናቱን ላዘዘው ባንክ ወይም ካፌ የገባው ውል ቀን የተቆረጠለት በመሆኑ፣ ሠሪ ያጣ ሥራ የወሩ መጨረሻ ሲቃረብ ክፍያው ከፍ ሊል ይችላል፤ ገና እንደወጣ በዝቅተኛው ዋጋ የምንሻማው ከሆነ ግን ያንን ዕድል ራሳችን እንዘጋዋለን። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም ቢፈቅድም፣ አዋጁ የተቀጠረ ሠራተኛን የሚመለከት በመሆኑ በየሥራው ለምንዋዋል ለእኛ ወለሉን የሚያበጅልን ሌላ አካል የለም።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን በመስኮቱ ማዶ ያለው ሰው ነው። በሰዓት 60 ብር የደከመ ታዛቢ፣ ወረፋው ምን ያህል ደቂቃ እንደፈጀ ሳይለካ በግምት ይጽፋል፤ ስሟን በትክክል ያላነበበላትን ገንዘብ ከፋይ ከባልደረባዋ ጋር ያምታታል፤ አንዳንዱም ከደጅ ተመልሶ ቅጹን ይሞላል። በዚያች ወረቀት የተነሣ አንዲት ሠራተኛ ማበረታቻዋን ልታጣ ወይም ማስጠንቀቂያ ሊደርሳት ይችላል፤ እርሷም ማን እንደመዘናት አታውቅም፣ መልስ የምትሰጥበትም ዕድል የላትም። በጥንቃቄ ልንሠራው የማንችለውን ሥራ በርካሽ መቀበል ኪሳችንን ብቻ ሳይሆን እርሷንም ይጎዳል፤ ይህን በደል ማኅበራችን በቸልታ ሊያየው አይገባም።

ለመመዝገቢያ ወይም ለሥልጠና ብላችሁ አስቀድማችሁ በሞባይል ገንዘብ ላኩ የሚላችሁን ግን ሒሳብ ውስጥ እንኳ አታስገቡት። ትክክለኛ ድርጅት ይከፍላል እንጂ አያስከፍልም።

ከሰዓት በኋላ ሁለት የውሳኔ ሐሳቦች ይቀርቡላችኋል። አንደኛው፣ አባላት ከየአካባቢያቸው ተነሥተው የፈጀባቸውን ጊዜና ወጪ የሚያሰፍሩበት የጋራ መዝገብ እንዲከፈት ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ከከተማው ዳር ለሚነሡ አባላት የመጓጓዣ ወጪ ለብቻው እንዲታሰብ ሥራ ሰጪዎችን በደብዳቤ እንድንጠይቅ ነው። ሁለቱንም በነፃነት እንድትወያዩባቸው በአክብሮት እየጠየቅሁ፣ ጉባኤያችን በይፋ መከፈቱን አስታውቃለሁ።